የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርትን ፍጥነትና ጉልበት ማሳደግ፦ ከፍሬን ተነሥቶ እስከ ሞተር

የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርት ከፋብሪካ ሲወጣ በሜዳ ላይ በሰዓት ከ19 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኳሱን ተከትሎ ለሚዞር ተጫዋች ይህ ይበቃል። በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት እንዳለችው ፒችትሪ ሲቲ ባሉ ከተሞች ግን ካርት የጎልፍ ሜዳ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከተማዋ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የካርት መንገድ ስላላት ብዙ ነዋሪ ወደ ገበያም ወደ ትምህርት ቤትም የሚሄደው በካርት ነው። እዚያ አራት ሰው ጭኖ ዳገት መሃል ላይ የሚደክም ካርት የየዕለት ችግር ይሆናል። አትላንታ አካባቢ ለምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ ክለብ ካር፣ ኢ-ዚ-ጎ እና ያማሃ ሦስቱም ካርት የሚሠሩት እዚያው ጆርጂያ ውስጥ በመሆኑ ያገለገለ ካርትም ሆነ መለዋወጫ በቅርብ ይገኛል።

ካርቱን ማፍጠን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ሞተር ነው። በእኔ እምነት ሞተር መምጣት ያለበት በመጨረሻ ነው። ኃይል ከባትሪ ተነሥቶ በኬብል፣ በሶሌኖይድ (ዋናውን መስመር በሚያገናኝና በሚያቋርጥ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) እና በኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኮረንቲ በሚመጥን ኤሌክትሮኒክ ሳጥን) አልፎ ሞተር ይደርሳል፤ ከሞተሩም በማርሽ በኩል ወደ ጎማ ይወርዳል። በዚህ መስመር ላይ አንድ ደካማ ቦታ ካለ ከእሱ ወዲህም ሆነ ወዲያ የሚገባው ውድ ዕቃ ገንዘብ ከመብላት አያልፍም። ለምሳሌ የምጠቀመው ከ2004 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን ባለ 48 ቮልቱን ክለብ ካር ፕሬሴደንት ነው፤ በሌሎች ካርቶች ላይ የሚለየውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

ፍጥነት ከቮልት፣ ጉልበት ከአምፒር

የሞተሩ የዙር ፍጥነት የሚከተለው ቮልትን ነው። ዳገት የሚያወጣው፣ ከቆመበት የሚያስነሣው ጉልበት ደግሞ የሚከተለው አምፒርን ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ዳገት ላይ የሚሞት ካርት አምፒር አጥሮታል። ዳገቱን እየጎተተ የሚወጣ፣ ሜዳ ላይ ግን ከ20 ኪሎ ሜትር የማያልፍ ካርት ወይ በኮንትሮለሩ ፕሮግራም ተገድቧል፣ ወይም ቮልቱ፣ ማርሹ ወይም ጎማው ከዚያ በላይ አያስኬደውም።

ቁጥሩን እንየው። ካርቱ ሁለት ሰው ይዞ 600 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። 10 በመቶ ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 3.9 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልገዋል። በሞተሩና በማርሹ ሩብ ያህሉ እንደሚባክን ብናስብ ከባትሪው የሚወጣው 5.2 ኪሎ ዋት፣ በ48 ቮልት ሲሰላ 110 አምፒር ገደማ ይሆናል። ያንኑ ዳገት በ30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 165 አምፒር ያህል ይጠይቃል። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣማ ለጥቂት ሰከንዶች ከዚህም እጅግ ይበልጣል። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ባትሪና ኬብል ስንመርጥ ያስፈልጉናል።

በመጀመሪያ ፍሬንና ሕግ

አብዛኞቹ ካርቶች ፍሬን ያላቸው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በገመድ የሚሳብ የታምቡሮ ፍሬን ነው። ፍሬኑ የሚያቆመው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ከ24 ወደ 40 ኪሎ ሜትር የወጣ ካርት ለማቆም የሚጠይቀው ኃይል 2.8 እጥፍ ገደማ ነው፤ ለመቆም የሚፈጅበት ርቀትም በዚያው ልክ ይረዝማል። ስለዚህ አንድም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሳይገዛ ካርቱን በክሪክ አንሥታችሁ በድጋፍ ላይ አስቀምጡ፤ የፍሬን ሸራውን ውፍረት እዩ፤ የፍሬን ገመዱ ሳይያዝ እንደሚንሸራተት፣ የመሪው መገጣጠሚያዎችም እንዳልላሉ አረጋግጡ። ሸራው ካለቀ ለውጡት። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ ካሰባችሁ ለፊት ጎማ የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን መግጠምን የወጪው አካል አድርጉት። ይህን ክፍል ዘልሎ ወደ ኮንትሮለር የሚሄድ ሰው ልጆቹን በካርቱ ባይጭን እመርጣለሁ።

ሕጉም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የጎልፍ ካርት ስታንዳርድ የሜዳ ፍጥነቱን በሰዓት 15 ማይል ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ላይ ይገድባል። ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ደግሞ ፍጥነቱ ከ20 ማይል በላይ እስከ 25 ማይል የሆነን ባለ አራት ጎማ አነስተኛ ተሽከርካሪ "ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው ተሽከርካሪ" ብሎ ይመድበዋል፤ የፊትና የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት፣ የፊት መስኮት፣ የደህንነት ቀበቶ፣ የእጅ ፍሬንና የሻንሲ ቁጥር እንዲኖረውም ያስገድዳል። 20 ማይል ማለት 32 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታችሁ ከዚያ በላይ እንዲሄድ ካደረጋችሁ በሕግ ፊት ሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ ይሆናል፤ ኢንሹራንሱም እንደዚያው። የከተማችሁን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ30 ኪሎ ሜትር ረክቶ ለመኖር ጥሩ ምክንያት አለ ማለቴ ነው።

የሞተሩን ዓይነት ለይቶ ማወቅ

መለዋወጫ ከማዘዝ በፊት ካርቱ የትኛው ዓይነት ሞተር እንዳለው መታወቅ አለበት። በድሮዎቹ ሴሪ ሞተሮች ለመግነጢስ የሚሄደውና ለሮተሩ (ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል) የሚሄደው ኮረንቲ አንድ ስለሆነ አራቱም ተርሚናሎች (የኬብል ማሰሪያ ብሎኖች) ላይ የታሰሩት ኬብሎች ወፍራም ናቸው። በሌላው ዓይነት መግነጢሱ ለብቻው ይመገባል። ኤ1 እና ኤ2 የተባሉት ተርሚናሎች ወፍራም ኬብል፣ ኤፍ1 እና ኤፍ2 የተባሉት ቀጭን ሽቦ ይዘዋል፤ በሞተሩ ጫፍም የፍጥነት ሴንሰር ይኖራል። ፕሬሴደንት የዚህኛው ወገን ነው። በዚህ ዓይነት ካርት ኮንትሮለሩ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን እንደ ጀነሬተር አድርጎ ፍጥነቱን ይይዛል፤ በተወሰነ ደረጃም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለአንዱ የተሠራ ኮንትሮለር ለሌላው አይሆንም። ሻጭ "ለሁሉም ይሆናል" ቢላችሁ አትመኑት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ሴሪ ሞተርን ጎማዎቹ አየር ላይ እያሉ ወይም ከካርቱ ወርዶ ያለ ጭነት በሙሉ ቮልት አታሽከርክሩት። የሚያግደው ጭነት ስለሌለ ዙሩ ያለ ልክ ያድጋል፤ ሮተሩም ሊበተን ይችላል።

እጅ ከማስገባት በፊት

48 ቮልት ሰው አይገድልም እየተባለ ባትሪው ይናቃል። አደጋው ግን ኮረንቲው ነው። በሁለት ተርሚናሎች መካከል የወደቀ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ቀልጦ ሊጣበቅ ይችላል፤ የእጅ ቀለበት ቢነካ ጣትን ያቃጥላል። ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል አውልቁ፤ የቁልፎቻችሁን እጀታ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ መነጽርና ጓንት አድርጉ። የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ቦታው አየር የሚገባበት ይሁን፤ እሳትም ሲጋራም በአካባቢው አይኑር።

ካርቱን አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፤ ቁልፉን አውጡ። ከመቀመጫው ሥር ያለውን የመንጃና የመጎተቻ ማብሪያ ማጥፊያ ወደ መጎተቻ አዙሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ የባትሪውን ዋና ነጋቲቭ ቀጥሎም ዋናውን ፖዘቲቭ ፍቱ። ኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከተቋረጠም በኋላ ኮረንቲ ይይዛሉ፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና በቴስተር ለክታችሁ ባዶ መሆናቸውን አረጋግጡ። ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀል በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፤ በወረቀት ፕላስተርም ምልክት ለጥፉበት።

ድክመቱ የት እንዳለ መለካት

ከጠቅላላው ሥራ በጣም የምወደው ይህ ነው፤ ገንዘብ የሚያድነውም እዚሁ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ቴስተርና አንድ ረዳት ብቻ ነው።

ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰዓታት ካሳረፋችሁት በኋላ ለኩ። ጤነኛ የ48 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ስብስብ 50.9 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ይህ ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ ያረጀ ባትሪም ሲያርፍ ደህና ይመስላል። ቴስተሩን በጠቅላላው ስብስብ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩና ረዳታችሁ ካርቱን ዳገት ሲያስወጣ ቁጥሩን አንብቡ። ከ42 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ባለ 8 ቮልት ባትሪ በጭነት ላይ ለዩት፤ ሌሎቹ 7.5 ላይ ሲቆሙ አንዱ ከ7 በታች የሚወድቅ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው። ስድስቱ በሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ ድካም ሁሉንም ያስራል።

በተመሳሳይ መንገድ ኬብሎቹን ፈትሹ። የቴስተሩን ሁለት ጫፍ በአንድ ኬብል ሁለት ጫፎች ላይ አድርጋችሁ ካርቱ ሲጎትት ለኩ። 0.2 ቮልትና ከዚያ በላይ ካያችሁ ኬብሉ ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷል፤ በ200 አምፒር ይህ 40 ዋት ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ይለቀቃል ማለት ነው። ተርሚናሉ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በቤኪንግ ሶዳና በውኃ አጽዱ፤ በሽቦ ብሩሽ አንጹት፤ አድርቃችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። ሶሌኖይዱን ደግሞ ተዘግቶ ኮረንቲ ሲያልፍበት በሁለቱ ትላልቅ ብሎኖች መካከል ለኩት፤ ከዜሮ ብዙ የራቀ ቁጥር ካሳየ ውስጡ ተቃጥሏል። ፔዳሉን እስከ ታች ስትረግጡትም ምልክቱ መቶ በመቶ ለኮንትሮለሩ መድረሱን አረጋግጡ። በፕሬሴደንት ላይ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ኤሌክትሮኒክ ሳጥን ሲያረጅ ሙሉውን ምልክት አይሰጥም፤ ካርቱም ያለ ሌላ ምክንያት ይዘገያል።

የተጎዳ ኬብልና የደከመ ባትሪ ብቻ ተለውጦ ካርቱ እንደ አዲስ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያለ ዕቃ የሚገኘው ፍጥነት

እንደ ፕሬሴደንት ያሉት ካርቶች ፍጥነታቸው በኮንትሮለሩ ፕሮግራም የተገደበ ነው። ሻጩ ወይም የጥገና ባለሙያው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ገደቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በሜዳ ላይ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነት በዚህ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ በቂ ይመስለኛል። ጉልበት ግን አይጨምርም፤ አምፒሩ ያው ነውና።

ባትሪ

ስድስቱ ባለ 8 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች አንድ ላይ ከ170 ኪሎ ግራም የማያንስ ይመዝናሉ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ባለ 51.2 ቮልት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ካርቱ ሁለት ሰው ያህል ክብደት ወረደለት ማለት ነው፤ መነሣቱም ዳገት መውጣቱም ወዲያው ይሻሻላል። ሌላው ጥቅም በጭነት ላይ ቮልቱ ብዙ አለመውረዱ ነው። የእርሳስ ባትሪ ግማሽ ሲደርስ ካርቱ ሲያዘግም፣ ሊቲየሙ እስከ መጨረሻው ተቃርቦ ድረስ አንድ ዓይነት ይሄዳል።

ሊቲየም ሲገዛ ሰው የሚያየው አምፒር ሰዓቱን፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘውን መጠን ነው፤ መታየት ያለበት ግን የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው አምፒር ነው። ያ ባለ 10 በመቶ ዳገት በ30 ኪሎ ሜትር 165 አምፒር ይጠይቅ እንደነበር አስታውሱ። ሰሌዳው ከ100 አምፒር በላይ የማያሳልፍ ባትሪ ራሱን ለማዳን ኮረንቲውን ያቋርጣል፤ ካርቱም ሰው እንደ ጫነ ዳገት መሃል ይቆማል። ባለ 400 አምፒር ኮንትሮለር ለመግጠም ካሰባችሁ ያለማቋረጥ 200፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 400 አምፒር የሚሰጥ ባትሪ ፈልጉ።

ቻርጀሩም አብሮ ይለወጣል። ባለ 51.2 ቮልቱ ሊቲየም የሚሞላው ቢበዛ እስከ 58.4 ቮልት ሲሆን ለዚያው የተሠራ ቻርጀር ይፈልጋል። በድሮዎቹ ፕሬሴደንቶች ቻርጀሩን የሚያዘው ካርቱ ላይ ያለ ኮምፒውተር ስለሆነ ሊቲየም ሲገባ ያ ኮምፒውተር ከመስመሩ መውጣት አለበት። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ እንደሌለበትም ልብ በሉ፤ በሰሜናዊ ግዛቶች ለምትኖሩ ይህ የክረምት ጉዳይ ነው።

ባለ 36 ቮልት ካርት ያላችሁ ወደ 48 ብትሸጋገሩ ፍጥነቱ በቮልቱ ልክ አንድ ሦስተኛ ያህል ያድጋል። ነገር ግን ኮንትሮለሩ፣ የሶሌኖይዱ ጥቅልልና ቻርጀሩ ሁሉም ለ48 ቮልት የሚሆኑ መሆን አለባቸው። ለመብራት 12 ቮልት ስትፈልጉ ከአንድ ባትሪ ላይ አትሳቡ፤ ያ ባትሪ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞታል። ከጠቅላላው ስብስብ የሚመገብ የቮልት መቀነሻ ግጠሙ።

ኮንትሮለር፣ ሶሌኖይድና ኬብል

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ለውጡ። የፋብሪካው ኮንትሮለር አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 አምፒር ይሰጣል። እንደ ኦልትራክስ እና ናቪታስ ያሉ አምራቾች 400፣ 500 እና 600 አምፒር የሚሰጡ ኮንትሮለሮች ይሸጣሉ። ለአራት ሰው ካርትና ለተለመደ ዳገት 400 ይበቃል የሚል አቋም አለኝ። 600 የሚያስፈልገው ለትልቅ ጎማና ለከባድ ጭነት ነው፤ እሱም ከፋብሪካው ሞተር ጋር ሲሆን ሞተሩን ያቃጥላል።

የፋብሪካው ኬብል ብዙ ጊዜ ባለ 6 ጌጅ ነው፤ 13 ካሬ ሚሊሜትር ማለት ነው። ለ400 አምፒር ኮንትሮለር ባለ 2 ጌጁን፣ 34 ካሬ ሚሊሜትሩን ተጠቀሙ። ለ500 እና ለ600 ደግሞ 67 ካሬ ሚሊሜትር አድርጉት። ባትሪዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙትንም ሳይቀር ሁሉንም ለውጡ፤ አንድ ቀጭን ኬብል ከተረፈ የሚሞቀው እሱ ነው። የኬብሉ ራስ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ የተጨመቀ ይሁን፤ በመዶሻ የተመታ ራስ ውስጡ ይላላል።

አዲሱ ሶሌኖይድ የኮንትሮለሩን አምፒር መሸከም አለበት። በትላልቅ ብሎኖቹ መካከል የምትገጠመውን ትንሽ ሬዚስተር (ኮረንቲን የምትገድብ ዕቃ) እና በጥቅልሉ ላይ የምትገባውን ዳዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዕቃ) አትርሱ። ሬዚስተሯ ካፓሲተሮቹን ቀስ ብላ ስለምትሞላ ሶሌኖይዱ በተዘጋ ቁጥር ብልጭታ እንዳያቃጥለው ታደርጋለች። የዳዮዷ ባለ መስመር ጫፍ የሚገባው በፖዘቲቭ በኩል ነው፤ ተገልብጣ ከገባች ወዲያው ትቃጠላለች። በዋናው ፖዘቲቭ መስመር ላይ፣ ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ፣ የኮንትሮለሩ አምራች ያዘዘውን ፊውዝ አድርጉ። ኮንትሮለሩ የተቀመጠበት ብረት ንጹሕና ለጥ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዚያ በኩል ነው።

ጎማ

የፋብሪካው ጎማ ቁመቱ 18 ኢንች ነው። ወደ 22 ኢንች ስትቀይሩ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት በ22 በመቶ ይጨምራል፤ መሬት ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን ወደ 82 በመቶ ይወርዳል። ዳገት የሚያስቸግረው ካርት ላይ ኮንትሮለር ሳይለወጥ ትልቅ ጎማ መግጠም ችግሩን ያባብሳል። ባለ 22 ኢንቹ ጎማ ካርቱን ከፍ የሚያደርግ ኪትም ስለሚፈልግ የካርቱ ሚዛን ወደ ላይ ይወጣል፤ በፍጥነት ሲጠመዝዝም መገልበጥ ይቀለዋል።

ሞተርና ማርሽ

እዚህ ሒሳቡ ይወስናል። የፕሬሴደንት የማርሽ ምጣኔ 12.3 ለ 1 ያህል ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 12.3 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ18 ኢንች ጎማ 24 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3,400 ጊዜ ያህል ይዞራል። ለ30 ኪሎ ሜትር 4,300፣ ለ40 ኪሎ ሜትር ደግሞ 5,700 ይደርሳል። የመጨረሻው ለካርቦን ብሩሽ ሞተር ብዙ ነው፤ ብሩሾቹ ብልጭታ ያወጣሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። በ22 ኢንች ጎማ ያው 40 ኪሎ ሜትር 4,700 ዙር ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ከፍ ያለ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ሞተሩን ከማስጮህ ጎማውን ቢያሳድግ ይሻለዋል፤ የጎደለውን ጉልበት በአምፒር ይተካል። 8 ለ 1 ወይም 6 ለ 1 የሆነ የፍጥነት ማርሽም ይሸጣል፤ ዳገት ባለበት አገር ግን አልመክረውም።

ሞተር ስትገዙ የፍጥነት ነው ወይስ የጉልበት ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱንም እኩል የሚሰጥ የካርቦን ብሩሽ ሞተር የለም። የዘንጉን ጥርስ ቁጥር ከማርሻችሁ ጋር አመሳክሩ። በጀታችሁ ከፈቀደ ብሩሽ የሌለው የኤሲ (በተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚሠራ) ሞተር ከነኮንትሮለሩ የሚመጣበት ሙሉ ኪት የተሻለ ነው፤ ጉልበትም ፍጥነትም ይሰጣል፣ ቁልቁለት ላይም አጥብቆ ይይዛል።

ማስተካከልና መሞከር

የአዲሶቹ ኮንትሮለሮች ፕሮግራም በስልክ ወይም በኮምፒውተር ይስተካከላል። አምፒሩን በ70 በመቶ፣ የፍጥነት ገደቡንም በ25 ኪሎ ሜትር ጀምሩ። መግነጢሱ ለብቻው በሚመገብ ሞተር የመግነጢሱን ኮረንቲ ስትቀንሱ ዙሩ ይጨምራል፣ በአንድ አምፒር የሚገኘው ጉልበት ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ንኩት። ፔዳሉ ሲረገጥ ካርቱ እንዳይዘልል የመነሻውን ፍጥነት አለስልሱ፤ የኋላ ማርሹን ፍጥነት ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት።

መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ለብቻችሁ ሂዱ። ፍሬኑን ከ15፣ ከ20፣ ከ25 ኪሎ ሜትር ያዙና የሚቆምበትን ርቀት በእርምጃ ለኩ። ቀጥሎ ዳገት ውጡና ወዲያው የሞተሩን ቀፎ፣ የሶሌኖይዱን ብሎኖችና እያንዳንዱን የኬብል ራስ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር እዩ። ከሌሎቹ በግልጽ የሞቀ ማሰሪያ ካለ ላልቷል። የሞተሩ ቀፎ 90 ዲግሪ ከተጠጋ ቆማችሁ አቀዝቅዙት፤ ውስጡ ከውጩ የበለጠ ሞቋል። አምፒሩንም ዝቅ አድርጉ። ሁሉም ደህና ከሆነ ገደቦቹን በየጊዜው አንድ እርምጃ ከፍ እያደረጋችሁ ያንኑ ፈተና ድገሙ።

አዲስ የታሰሩ ኬብሎች ከሙቀትና ከንዝረት የተነሣ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ይላላሉ። ካርቱን ወደ መጎተቻ አድርጋችሁ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ፣ እያንዳንዱን ብሎን መመሪያው በሚያዘው ልክ እንደገና አጥብቁ፤ የጎማ ብሎኖችንም እንደዚሁ።